የሣልስቱ ጉባኤ

«ፊርማዋ ይኸውና» አሉ መሪጌታ በእውቀቱ። ከጋቢያቸው ውስጥ ያወጡትን ቼክ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከፊሉን በመዳፋቸው ሸፍነውታል። «የሟች ቃል አይሻርም። ይኼ ኑዛዜ ነው፣ ሠርካለም።»

ሠርካለም እጇን አልዘረጋችም። የጸሐይነሽን ፊርማ ከሩቅ ታውቀዋለች፤ መጨረሻው ሁልጊዜ ወደ ላይ ይነሣል። ከፊርማው በላይ ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው። ቀን የለውም፤ የገንዘብ ልክ የለውም፤ የተቀባይ ስም የለውም።

«ቀን ያልተጻፈበት ኑዛዜ አለ እንዴ፣ መሪጌታ?»

«እንጽፍበታለና።»

«ምን ብለን?»

«ሳትሞት በፊት ያለውን ቀን።»

የሚነጋገሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። የተቀመጡበት የዳሱ ጥግ ከሸራው ጫፍ የዝናብ ውኃ ይንጠባጠብበታል። መሃል ላይ ሴቶች ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ አልቃሿ ድምጿ የሻከረ አሮጊት ናት።

የሌላውን ጓዳ ስትሞላ ከርማ፣
የራሷን ቤት ዘጋች በሰኔ ጨለማ።

ሠርካለም ፊቷን ወደ አልቃሿ አዞረች። ማልቀስ ፈልጋለች፤ ጸሐይነሽን ከቀበሩበት ከትናንት ጀምሮ ፈልጋለች። ሰው ግን አላስለቅስ አላት። አንዱ ተነሥቶ ሲሄድ ሌላው እየመጣ አጠገቧ ይቀመጥና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ካለ በኋላ ወደ ቼኩ ይገባል። ቅድምም እንግዳው የሚባለው የባንኩ ሥራ አስኪያጅ፣ ጫማው ላይ ዳሱ የተጣለበትን የቁሐር ሚካኤልን ጭቃ ተሸክሞ መጥቶ፣ በነጠላው አፉን ጋርዶ «ቀኑ እሷ በሕይወት ሳለች ከሆነ እኔ በምን አውቃለሁ?» ብሏት ሄዷል። ደግ ሰው ነው። ያስጨነቃትም ደግነቱ ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ እንቢ ማለት በቀለላት።

ነገሩ ይህ ነው። ወረታ ከተማ ውስጥ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው ያለ ሰዎች ያቋቋሙት ማኅበር አለ። መድኃኒት ለመቀበል ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጣው መሣፈሪያ ይሰጣል፤ አልጋ ለያዘው የቤት ኪራይ ይከፍላል፤ ጎርፍ ሜዳውን ሲሞላው ደግሞ መድኃኒቱን ሰው ቀጥሮ ያደርሳል። ገንዘቡ ባንክ ነው። ለማውጣት ሁለት ሰው መፈረም አለበት፤ ሰብሳቢው መሪጌታ በእውቀቱና ሥራ አስኪያጇ ጸሐይነሽ። ቼኩን ሞልታ ማኅተም የምትመታበት ደግሞ ሒሳብ ያዧ ሠርካለም ናት። ረጂው ድርጅት ሥራውን ሊዘጋ ነው፤ ሰኔ ሲያልቅ ያልወጣውን ገንዘብ መልሶ ይወስዳል። ለክረምቱ የታሰበው መሣፈሪያና ኪራይ ያን ጊዜ ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል። ሰኔ ደግሞ እያለቀ ነው፤ ጸሐይነሽም አፈር ለብሳለች።

ሕጋዊ መንገድ ጠፍቶ አይደለም። ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ከግማሽ በላይ አባል ከተገኘ ሌላ ፈራሚ ይመርጣል፤ ቃለ ጉባኤው ባንክ ይገባል፤ አለቀ። ማኅበሩ ግን ጠቅላላ ጉባኤ የሚባል ነገር አድርጎ አያውቅም። አባላቱ አንድ በአንድ፣ ነጠላ ተከናንበው፣ በጓሮ በር ገብተው በጓሮ በር የሚወጡ ናቸው። ወረታ መንገደኛ የሚበዛበት ከተማ ነው፤ የጎንደሩም የደብረ ታቦሩም መኪና እዚያው ይቆማል። ወሬ ግን መሣፈሪያ አይጠየቅም። ሰው ሰብስቦ «ኑ» ማለት አደባባይ አውጥቶ ማስጣት ነው።

«አላደርገውም፣ መሪጌታ» አለች ሠርካለም። «ኦዲተር ይመጣል። የቀኑን ነገር ያገኘዋል። ያን ጊዜ እኔና እርስዎ አይደለንም የምንዋረደው፤ ‹ጸሐይነሽ ሌባ ነበረች› ነው የሚባለው። መልስ መስጠት አትችልም።»

መሪጌታ ቼኩን አጣጥፈው ወደ ጋቢያቸው መለሱ። «ይርጋለምን እያት» አሉ፣ በዓይናቸው ንፍሮ ወደምታዞረው ሴት እያመለከቱ። «የሩዝ መፈልፈያው ሥራ ከቀረባት ወዲህ ኪራይዋን የምንከፍል እኛ ነን። ልጅ አላት። ለእሷ ስለ ኦዲተር ንገሪያት።» ብለው ተነሡ።

ሠርካለም ማኅበሩ ውስጥ የተቀጠረች ቀን ትዝ አላት። ከኮሌጅ የወጣች ሰሞን ነበር፤ ፋይል የሚባል ነገር በዓይኗ ብትፈልግ አጣች። «እታለም፣ ሒሳቡ የት ነው?» ብትላት ጸሐይነሽ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በአራቱም ጫፍ ቋጠሮ አለ። «ይኼ የኪራይ ነው፣ ይኼ የመሣፈሪያ ነው፣ ይኼ የበሽተኛ ወተት ነው። ይኼኛው የራሴ ነው፤ እሱን አትንኪው» አለችና ሳቀች። ሠርካለም ግን መሳቅ አልቻለችም።

ከባሕር ዳር የመጣው አሠልጣኝም መሳቅ አልቻለም። ረጂው ድርጅት አቅም ይገንባላቸው ብሎ የላከው ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበር። «ድርጅታችሁ በአንድ ሰው ላይ ነው የቆመው። ያ ሰው ቢታመምስ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጸሐይነሽ ከኋላ ሆና «እኔ እንኳ ታምሜ ጨርሻለሁ» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን ሰሌዳው ላይ «ተተኪ»፣ «ጠቅላላ ጉባኤ» ብሎ ጽፎ ሁለቱንም አሰመረባቸው። በመጣ ቁጥር ያሰምርባቸው ነበር።

የዚያኑ ዓመት ጸሐይነሽ ጠበል ልትጠመቅ ጣራ ገዳም ወጣች። ሥራ እንዳይቆም ብላ ለገንዘብ ያዡ ባዶ ቼኮች ላይ ፈርማ ትታለት ነበር፤ ያኔ መሥራቾቹ የመደቡት ሦስተኛ ፈራሚ እሱ ነበር፤ ከሦስቱ የሁለቱ ፊርማ ይበቃል። ስትመለስ ገንዘብ ያዡ የለም፤ ገንዘቡም የለም። ሰውየው መተማ ታየ ተባለ፣ ሱዳን ገባ ተባለ፤ የገባበት አልታወቀም። እሷም አልከሰሰችም፤ ለመክሰስ አባላት መመስከር አለባቸው። በእግሯ እየዞረች በእያንዳንዱ አባል ደጅ ቆማ «አጠፋሁ» አለች። ከዚያ ቢሮ ገብታ ሠርካለም ፊት ተቀመጠች።

«ያ አሠልጣኝ የሚለውን አስተምሪኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። እንቢም በይኝ። ስለምንሽም፣ ስቆጣሽም፣ እንቢ በይኝ።»

ከዚያ ወዲያ ለራሷ የባጃጅ ሒሳብ እንኳ ያለ ደረሰኝ ተቀብላ አታውቅም። ቋጠሮዎቹ ተፈቱ፤ አንድ ብቻ ቀረ፣ የራሷ። የሦስተኛው ፈራሚ ቦታ ግን ባዶውን ቀረ። እሱን ለመሙላት ጉባኤ ያስፈልጋላ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ይርጋለም የንፍሮውን ሰፌድ ይዛ ሠርካለም አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«እውነት ነው ወይ የሚሉት?»

«ምን ይላሉ?»

«የእታለምን ቃል ይዘሽ እንቢ አልሽ ይላሉ። ፈርማልን ሞታ አንቺ ከለከልሽን ይላሉ።» ይርጋለም ይህን ስትል ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። «ለሐምሌ ከቤት ውጡ ተብለናል። ልጄን ይዤ የት ልግባ?»

ሠርካለም አፈረች። ሕግ ያውቃል የተባለ ሰው ሁሉ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣበት ያፍራል። «ጉባኤ ብጠራ ትመጫለሽ?» አለች።

«የት?»

«የትም።»

ይርጋለም በአገጯ ወደ ግራ ጠቆመች። «አማቴ ያቻትና። ባሌ ምን እንደገደለው እንኳ ለእሷ አልተነገራትም። በየት በኩል ልምጣ?» ሰፌዷን አንሥታ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች።

ሠርካለም በዓይኗ ተከተለቻት። ይርጋለም ንፍሮ የዘገነችላቸው እኚያ ሽማግሌ አባል ናቸው። ቀጥሎ ያለችው ወይዘሮ አባል ናት። ምሰሶውን የተደገፈው ባለ ባጃጅ አባል ነው። ከዋግ ጠራ ቀበሌ የመጣች፣ ከወጂ የመጣች፣ ከከተማው፣ ከየቀበሌው። በጓሮ በር ብቻ የምታውቃቸው ሰዎች በፊት በር ገብተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ተቀምጠዋል። አንዱ ሌላው አባል መሆኑን አያውቅም። እሷ ብቻ ናት የምታውቀው፤ እሷና አፈር የለበሰችው ጸሐይነሽ። ነገ ደግሞ ሣልስት ነው። ነገ ያልመጣውም ይመጣል።

 ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሐሳብ በመምጣቱ ራሷን ታዘበች።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጀመሪያ የሄደችው ወደ አያ ማረው ነው፤ ዳሱ የእሳቸው፣ ሟችም የእሳቸው እኅት ናት። አያ ማረው የሩዝ ማሳቸውን ለጎረቤት ሰጥተው፣ ሦስት ቀን ሙሉ በር ላይ ቆመው ለመጣው ሁሉ አንድ ነገር ሲናገሩ ነው የከረሙት። «ካንሰር ነው። ካንሰር ብቻ ነው።» ሕዝቡም «አይ ይኼ ካንሰር» ይላል። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ካንሰር ይላል።

ጸሐይነሽ ስለ ወንድሟ ለሠርካለም የነገረቻት አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም እየሳቀች። መታመሟ እንደታወቀ እኚህ ወንድሟ የምትጠጣበትን ጣሳ ለይተው ከደጅ ችንካር ላይ ሰቀሉት። አልተሳደቡም፤ አላባረሩም። ጣሳዋን ብቻ ሰቀሉት። እሷም ውኃ ሳትጠጣ ወጥታ ወረታ ገባች። ስትሞት ግን ከሆስፒታል ሬሳዋን የተረከቡት፣ መኪናው ጭቃ ሲይዘው በትከሻቸው ተሸክመው ቁሐር ሚካኤል ያደረሱት እሳቸው ናቸው።

ሠርካለም ሐሳቧን ስትነግራቸው አያ ማረው አላስጨረሷትም።

«እኅቴ የሞተች በካንሰር ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፣ አያ ማረው። ግን ማኅበሩ…»

«በዚች ዳስ ሌላ ስም አይጠራም። ነፍሷን ይማር። ከነስሟ ተያት።» ፊታቸውን አዞሩ። 

ቀጥላ ወደ መሪጌታ ሄደች። ለማጽናኛ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው፤ ከካህናቱ መሃል ተቀምጠው ጸናጽላቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ። ራቅ አድርጋ አስነሣቻቸው።

«ዛሬ አባላቱ እዚህ አሉ፣ መሪጌታ። ከግማሽ በላይ።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ጥምጥማቸውን እንደማስተካከል አሉ። «ዳስ ውስጥ? በሕዝቡ ፊት? ወለተ ማርያም፣ አብደሻል» አሉ በክርስትና ስሟ ጠርተዋት።

«ሰኞ የሰኔ የመጨረሻው የሥራ ቀን ነው።»

«ቼኩ አለ አልኩሽ እኮ። ፈርማልናለች። እኔ ራሴ አልጋዋ ድረስ ሄጄ…»

«አለቀሱባት» አለች ሠርካለም።

መሪጌታ በእጃቸው የያዙትን ጨርቅ አጣጠፉ።

«እርስዎ ሲወጡ ነው እኔ የገባሁት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። ‹መሪጌታ ሲያለቅሱ አልቻልኩም። አንቺ ግን ትችያለሽ፤ ለዚህ ነው የቀጠርኩሽ› አለችኝ። ምስክር የለኝም። ስለዚህ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእርስዎ ነው የምናገረው። የሟች ቃል ካሉ፣ ከፊርማው በኋላ የተናገረችው ይኼ ነው።»

የመሪጌታ ዓይን ውኃ ሞላ። «እኔን ሰው የሚያውቀኝ» አሉ፣ «‹ለበሽተኞች የሚያዝን መሪጌታ› ብሎ ነው። ‹ለነፍሱ ብሎ ሰብሳቢ ሆነላቸው› ብሎ። ደቀ መዛሙርቴ እነዚያውልሽ። ባለቤቴ ያቻትና።»   የማኅበሩ ሰብሳቢ አባል ያልሆነ ሰው ሊሆን እንደማይችል ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሕጉን ያነበበ የለም እንጂ ሌላውም ባወቀ ነበር።

ምግቡ ተበልቶ ካበቃ በኋላ መሪጌታ በእውቀቱ ተነሡ።  ስለ ሞት አይቀሬነት ተናገሩ፤ ስለ አልዓዛር ተናገሩ፤ ሕዝቡ ራሱን ይነቀንቃል። ሠርካለም ቃላቱን አትሰማም። እየሮጠ ያለውን ሰዓት ነው የምትሰማው። አሁን «በጽድቅ ያኑራት» ይላሉ፣ ሰው ይነሣል፣ ዳሱ ይፈርሳል፣ ሁሉም ተመልሶ ነጠላውን ይከናነባል።

መሪጌታ «በጽድቅ…» ብለው ጀመሩና አቆሙ። እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ሰደው ቼኩን አወጡ። ዘረጉት። አዩት። ከዚያ መሃል ለመሃል ቀደዱት፤ የፊርማዋ ጫፍ በአንድ እጃቸው ቀረ።

«እኅታችን ጸሐይነሽ ብዙ ሰው ደብቃ ኖራለች» አሉ። «ገንዘብ አይዶለም የደበቀች፤ ሰው ነው። በጓሮ በር እያስገባች፣ ስማችንን እየሸፈነች። ‹ችን› ያልኩት ተሳስቼ አይዶለም።»

አያ ማረው ከበሩ ወደ መሃል አንድ እርምጃ ገቡ። «መሪጌታ፣ ይብቃ።»

«ይታገሡኝ፣ አያ ማረው። ጨረስኩ።» ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ መለሱ። «ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ። መድኃኒቱን የምውጠው እሷ እያስታወሰችኝ ነበር። ማኅበራችን ፈራሚ ሞቶበታል። ሕጉ ‹አባላት ተሰብስባችሁ ምረጡ› ይላል። ተሰብስበን አናውቅም፤ ዛሬ ግን እሷ ሰብስባናለች። የምትፈሩ አልፈርድባችሁም። እኔም እስከዚች ሰዓት ፈርቻለሁ። በእሷ ቦታ ማን ይፈርም?»

አንድ ደቀ መዝሙር ተነሥቶ ወጣ። ሌላ ሰው ሳለ።  ሠርካለም የተቀመጡትን ተራ በተራ አየቻቸው፤ እያንዳንዳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው አለች በልቧ፤ ሽማግሌ አዋረድኩ፣ ለቅሶ በጠበጥኩ፣ ቼኩም ተቀደደ።

«ሠርካለም ትፈርም» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«አይሆንም» አለች ሠርካለም፣ እንዴት እንደተነሣች ሳታውቅ ቆማ። «ሒሳብ የሚይዝ ሰው አይፈርምም። ከአባላት መሃል ነው መሆን ያለበት።»

ያን ጊዜ የንፍሮው ሰፌድ መሬት ተቀመጠ። ይርጋለም ናት። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አማቷን አላየችም፤ ማንንም አላየችም።

«እኔ እፈርማለሁ» አለች።

አማቷ ቀና ብለው አዩዋት። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ልጃቸው ምን እንደገደለው አሁን እየገባቸው እንደሆነ ፊታቸው ላይ ይታያል። ከዚያ እንደተቀመጡ ጠጋ ብለው ከአጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት። ይርጋለም ግን አልተቀመጠችም፤ ቆማ ቀረች።

«ይርጋለም ትፈርም የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አሉ መሪጌታ፣ የራሳቸውን እያወጡ።

መጀመሪያ ባለ ባጃጁ አወጣ። ቀጥሎ ሽማግሌው፤ እጃቸው እስከ ጆሯቸው ብቻ ነው የደረሰው። አንዲት ሴት አጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤቷ እጇን ስታወጣ አየቻትና «አንቺም?» አለች፤ «አንቺም?» አለች ያችኛዋ፤ ሁለቱም ያወጡትን እጅ ሳያወርዱ ተቃቅፈው ማልቀስ ጀመሩ። ከካህናቱ መሃል አንድ እጅ ወጣ። ከሴቶቹ በኩል ብዙ።

ሠርካለም መቁጠር ጀመረች። አባላቱ ስድሳ ናቸው፤ ሠላሳ አንድ እጅ ያስፈልጋታል። ስትቆጥር የረሳችው እንባ መጣ፤ እየጠረገች ቆጠረች፣ ጠፋባትና እንደገና ከበሩ ጀመረች። ሠላሳ ላይ ደረሰች። እጃቸውን እንዳያወርዱባት እየፈራች ጥግ ጥጉን አየች። ከምሰሶው ጀርባ አንዲት ቀጭን እጅ ከነጠላ ውስጥ ብቅ አለች፤ ፊቷ አልተገለጠም። ሠላሳ አንድ። ከዚያም ሁለት፣ ከዚያም አራት። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ እንግዳው ከተቀመጠበት «ቃለ ጉባኤውን ሰኞ ጠዋት አምጡልኝ፤ እኔ ራሴ እጠብቃለሁ» አለ። እሱም ነጠላውን ከአፉ ላይ አውርዷል።

«ሞልቷል» አለች ሠርካለም። «አውርዱ፣ ሞልቷል።»

እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። አንድ ግን አልወረደም። የሩዝ ጭቃ ጥፍሩ ውስጥ የደረቀበት፣ ሰፊ የገበሬ እጅ ነው። አያ ማረው ዳሱ መሃል ላይ ቆመው ቀኝ እጃቸውን አውጥተዋል፤ ዓይናቸው እኅታቸው የተቀበረችበትን የቤተ ክርስቲያኑን ዛፍ ያያል።

ሠርካለም ጠጋ አለች። «አያ ማረው» አለች በቀስታ፣ «እርስዎ አባል አይደሉም። የእርስዎ አይቆጠርም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ።

እጃቸውን ግን አላወረዱም።